ሲስተሙ ይበተን ሲባል፣ ሌሊት የምቀሰቀሰው እኔ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ፦

የባክኤንድ ፕሮግራመር ነኝ፤ ተጠቃሚው የማያየውን፣ ሰርቨር ላይ የሚሠራውን ኮድ እጽፋለሁ። በሙያው ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ያለሁበት ቡድን ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የምንሠራው የትዕዛዝና የክፍያ ሲስተም ነው። በጃቫ 17 እና በስፕሪንግ ቡት 3 የተጻፈ አንድ ትልቅ አፕሊኬሽን ነው፤ ከጀርባው አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አለ። ከኮዱ ግማሽ ያህሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሚያስቸግረን የወር መጨረሻ ነው። ደንበኛ በሚበዛባቸው ሁለት ሦስት ቀናት ሲስተሙ ቀጥ ይላል። ጥያቄዎች ይንጠለጠሉና ልክ 30 ሰከንድ ሲሞላቸው ‹ኮኔክሽን አልተገኘም› (ማለትም ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባ ነፃ መስመር የለም) በሚል ስህተት ይወድቃሉ። የሚገርመው ዳታቤዙ ሥራ አልበዛበትም፤ ሲፒዩው ከ25 በመቶ አያልፍም። ሪስታርት አደርገዋለሁ፣ ትንሽ ይሠራል፣ ተመልሶ ይቆማል። ኮዱን ስለማውቀው ተረኛዋ ሁሌም እኔ ነኝ።

ከአራት ወር በፊት አዲስ የቡድን መሪ መጣ። ‹ችግሩ ሞኖሊት መሆኑ፣ ሁሉም በአንድ አፕሊኬሽን መታጨቁ ነው› አለና 11 ማይክሮሰርቪስ (ለየብቻ የሚሠሩ ትናንሽ አፕሊኬሽኖች)፣ ካፍካ (በመካከላቸው መልእክት የሚያስተላልፍ) እና ኩበርኔቲስ (እነሱን የሚያሰማራና የሚያስተዳድር) ያሉበት እቅድ አቀረበ። እኛ ስድስት ሰው ነን። አንድ ጎበዝ ጀማሪ ባልደረባችን በኤአይ ረዳት እየታገዘ በሁለት ሳምንት ሦስቱን ሰርቪሶች ጽፎ አመጣ። የመጨረሻው ፑል ሪኩዌስት (ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የቀረበ ለውጥ) 3,800 መስመር ነው። ሪቪው የማደርገው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ግማሹን እንኳ አላነበብኩም። ስብሰባ ላይ ‹መጀመሪያ የወር መጨረሻውን ችግር መንስኤ ብናጣራስ?› ብል መሪያችን ፈገግ ብሎ ‹እስከ መቼ በዛሬ አሥር ዓመቱ አሠራር እንኖራለን?› አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ።

ልቃወም? ዝም ብዬ ልስማማ? ወይስ ሌላ ሥራ ልፈልግ? ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። የምከላከለው ኮዱ የእኔ ስለሆነ ይሆን? አዲስ ነገር መፍራት ጀምሬ ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ።

ተረኛዋ ነኝ

ውድ እህቴ፦

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ያንኑ ኮድ ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ስብሰባው ላይ ያንኑ ጥያቄ ታነሺ ነበር? መልሱን ለማንም መንገር የለብሽም። ከደብዳቤሽ እንደማየው ግን ‹አይበተን› አላልሽም፤ ‹መንስኤውን እናጣራ› ነው ያልሽው። አዲስ ነገር የሚፈራ ሰው እንዲህ አይናገርም። ለስድስት ዓመት የለፋሽበትን ኮድ ብትወጂው አያስነውርም፤ ደግሞም ስለወደድሽው ብቻ ጥርጣሬሽ ስህተት አይሆንም። ሳቁ አሳምሞሻል፤ ያም ተገቢ ነው። ቢሆንም ዝም ያልሽው ስለ ሲስተሙ የምታውቂው ነገር ስላነሰሽ ሳይሆን ስላፈርሽ ይመስለኛል። እነዚህን ሁለቱን ለይተሽ ብታይ ጥሩ ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁን ነገር እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ አልፈሽዋል፦ ‹ልክ 30 ሰከንድ›። ስፕሪንግ ቡት ሌላ ካልተነገረው የሚጠቀመው የኮኔክሽን ፑል፣ ማለትም ዝግጁ ኮኔክሽኖችን ይዞ ለጥያቄዎች የሚያውስ ክፍል፣ ሂካሪሲፒ (ባጭሩ ሂካሪ) ነው። ቅንብሩን ማንም ካልነካው ፑሉ 10 ኮኔክሽን ብቻ ይይዛል፤ ነፃ ኮኔክሽን ያጣ ጥያቄ ደግሞ 30 ሰከንድ ጠብቆ ይወድቃል። ዳታቤዙ 25 በመቶ ላይ ተቀምጦ ጥያቄዎች 30 ሰከንድ የሚቆሙ ከሆነ፣ ወረፋው ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን ፑሉ ደጃፍ ላይ ነው። አሥሩን ኮኔክሽን የያዙት ጥያቄዎች ከዳታቤዙ ሌላ የሆነ ነገር እየጠበቁ ነው። የክፍያ ሲስተም ስለሆነ የመጀመሪያ ግምቴ የውጭው የክፍያ ጌትዌይ (ክፍያውን የሚያስፈጽመው የውጭ አገልግሎት) ነው፤ ማለትም ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች) ከተከፈተ በኋላ፣ ሳይዘጋ ወደ ውጭ የሚደረግ ጥሪ።

ሒሳቡን ሥሪው። አንድ ጥያቄ ኮኔክሽኑን ለ20 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢይዝ አሥሩ ኮኔክሽኖች በሰከንድ 500 ጥያቄ ያስተናግዳሉ። ጌትዌዩ እስኪመልስ 2 ሰከንድ ይዞ ከቆየ ግን በሰከንድ 5 ብቻ። የወሩ መጨረሻ ላይ ጌትዌዩም ተጨናንቆ 4 ሰከንድ ከፈጀበት፣ አቅማችሁ በሰከንድ ሁለት ተኩል ጥያቄ ይሆናል። ኮዳችሁ ውስጥ አንድ መስመር ሳይለወጥ አቅማችሁ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ሪስታርት ስታደርጊው ለጊዜው የሚሻለውም የተጠራቀመው ወረፋ ስለሚበተን ብቻ ነው።

ይህ ግምት ነው፤ ማረጋገጡ ግን ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ሂካሪ በአክቹዌተር (የስፕሪንግ ቡት መከታተያ ክፍል) በኩል የሚያወጣቸውን መለኪያዎች እይ፦ ስንት ኮኔክሽን ተይዟል፣ ስንት ጥያቄ እየጠበቀ ነው፣ አንዱ ኮኔክሽን ለምን ያህል ጊዜ ተይዞ ይቆያል። ሦስተኛው ዋናው ነው። የተያዙት 10፣ የሚጠብቁት ብዙ፣ የመያዣ ጊዜው በሰከንዶች የሚቆጠር ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። በፖስትግሬስ በኩል ደግሞ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን (እያንዳንዱ ኮኔክሽን አሁን ምን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ዝርዝር) ጠይቂ፤ ‹አይድል ኢን ትራንዛክሽን› የሚል ሁኔታ ያላቸው ኮኔክሽኖች ከበዙ፣ ትራንዛክሽን ተከፍቶ ዳታቤዙ ያለ ሥራ እየጠበቀ ነው። ጥፋተኛውን መስመር ለማግኘት የሂካሪን የሊክ (ሳይመለስ የቀረ ኮኔክሽን) ማወቂያ ገደብ 5,000 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጊው፤ ከዚያ በላይ ኮኔክሽን ይዞ የቆየውን ኮድ ስታክ ትሬስ፣ ማለትም የትኛው ሜተድ የትኛውን እንደጠራ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ሎግ ላይ ያወጣልሻል። ከ2,000 በታች አይቀበልም።

ከተረጋገጠ መፍትሔው ሥራውን ለሦስት መክፈል ነው። መጀመሪያ በአጭር ትራንዛክሽን ትዕዛዙን ‹በሂደት ላይ› ብለሽ፣ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢላክ አንዴ ብቻ እንዲቆጠር ከሚያደርግ አይደምፖተንሲ ቁልፍ ጋር መዝግበሽ ትዘጊያለሽ። ቀጥሎ ምንም ትራንዛክሽን ሳይከፈት ጌትዌዩን ትጠሪያለሽ። ለመገናኘት 2 ሰከንድ፣ ምላሽ ለመጠበቅ 5 ሰከንድ ገደብ ሰጥተሽ ጀምሪ፤ ካልተነገራቸው ያለ ገደብ የሚጠብቁ የኤችቲቲፒ ክላየንቶች ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ሌላ አጭር ትራንዛክሽን ከፍተሽ ውጤቱን ትጽፊያለሽ። ከጥሪው በኋላ ውጤቱ ሳይጻፍ ሰርቨሩ ቢሞት ደንበኛው ከፍሎ ትዕዛዙ ‹በሂደት ላይ› ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው እንዲህ ያሉትን እየለቀመ፣ በዚያው ቁልፍ ጌትዌዩን ጠይቆ ሁኔታቸውን የሚያስተካክል ሥራ ያስፈልግሻል። ታይምአውት ሲመጣም ‹አልተከፈለም› ማለት አይደለም፤ ‹አልታወቀም› ማለት ነው። ይህን ‹ከሽፏል› ብሎ መዝግቦ በአዲስ ቁልፍ እንደገና የሚሞክር ኮድ ደንበኛን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ብዙ ሰው ‹አስተካከልኩት፣ ግን ለውጥ የለም› የሚለው በነዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፦ ሦስቱን ክፍሎች በአንድ ክላስ ውስጥ ሦስት ሜተድ አድርገሽ ‹ትራንዛክሽናል› የሚለውን አኖቴሽን ብትለጥፊባቸው፣ አንዱ ሜተድ ሌላውን ሲጠራ ጥሪው በስፕሪንግ ፕሮክሲ (ትራንዛክሽኑን በሚከፍተውና በሚዘጋው ሽፋን) በኩል ስለማያልፍ አኖቴሽኑ እንደሌለ ይቆጠራል። ወይ በተለያዩ ክላሶች ክፈያቸው፣ ወይ ትራንዛክሽን ቴምፕሌትን በቀጥታ ተጠቀሚ። ሁለተኛው ይበልጥ የተደበቀ ነው። ስፕሪንግ ቡት ‹ኦፕን ኢን ቪው› የሚባለውን ቅንብር ሳይጠየቅ ያበራዋል፤ አፕሊኬሽኑ ሲነሳ ሎግ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ማንም አያነበውም። ይህ ሲበራ አንድ ጥያቄ ዳታቤዙን አንዴ ከነካ በኋላ ትራንዛክሽኑ ቢዘጋም እንኳ ኮኔክሽኑን ጥያቄው እስኪያልቅ አይለቀውም። ካላጠፋሽው ከላይ ያለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ስታጠፊው ደግሞ እስካሁን ተደብቀው የነበሩ ‹ሌዚ ኢኒሻላይዜሽን› ስህተቶች (ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ከተዘጋ በኋላ ዳታ ለማምጣት ሲሞከር የሚመጡ) ብቅ ይላሉ፤ በየቦታው የሚፈለገውን ዳታ አስቀድመሽ በፌች ጆይን ማምጣት ይኖርብሻል። ለዚህ ብቻ አንድ ሳምንት ያዢ፤ በወር መጨረሻ ዋዜማም አትንኪው።

‹ፑሉን 100 ብናደርገውስ?› የሚል ሰው አይጠፋም። እንደ ማስታገሻ ከ10 ወደ 20 ማሳደግ ይቻላል። የፖስትግሬስ መነሻ ቅንብር ግን በድምሩ 100 ኮኔክሽን ብቻ ይፈቅዳል፤ ሦስት ሰርቨር እያንዳንዳቸው 40 ቢይዙ ከዚያ ያልፋል፣ አዲስ የሚነሳው ሰርቨርም መገናኘት ያቅተዋል። ገደቡን ከፍ ብታደርጊው እንኳ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ኮኔክሽኖች ከሲፒዩው ኮሮች እጅግ ሲበዙ እርስ በርስ ይሻማሉ እንጂ አይፈጥኑም።

አሁን ወደ መሪሽ እቅድ። ይህ ችግር ሳይፈታ ሲስተሙ ለ11 ቢበተን፣ የክፍያው ሰርቪስ ያንኑ ኮድ ይዞ ይሄድና የወሩ መጨረሻ ላይ እንደተለመደው ይቆማል። ልዩነቱ አሁን ሌሎች አሥር ሰርቪሶች እሱን እየጠበቁ አብረውት መቆማቸው ነው። አሥራ አንዱ ሰርቪሶች ሁለት ሁለት ቅጂ ኖሯቸው እያንዳንዱ 10 ኮኔክሽን ቢይዝ 220 ይሆናል፤ ያው አንዱ ዳታቤዝ ላይ ከሆነ ገና ሲነሱ ገደቡን ያልፋሉ። ዳታቤዙም ከተከፋፈለ፣ ዛሬ አንድ ትራንዛክሽን የሚያደርግላችሁን አንዱ ሲከሽፍ ትዕዛዝና ክምችትን አብሮ ወደነበረበት የመመለስ ሥራ ነገ በእጃችሁ ትጽፉታላችሁ። አስተማማኝነቱንም አስቢው፦ አንድ ጥያቄ በተራ አምስት ሰርቪሶችን የሚነካ ከሆነና እያንዳንዱ 99.9 በመቶ የሚሠራ ቢሆን፣ ድምሩ 99.5 በመቶ ገደማ ነው። በ30 ቀን ሲሰላ የመቆሚያው ጊዜ ከ43 ደቂቃ ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ያድጋል። ለስድስት ሰው 11 ሰርቪስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይህን ስል ግን ማይክሮሰርቪስ ሁሉ ሞኝነት ነው ብለሽ እንዳትወጪ። ብዙ ቡድኖች በአንድ ኮድ ላይ እየተጋጩ ዲፕሎይ ማድረግ ሲያቅታቸው፣ አንዱ ክፍል ከሌላው ፈጽሞ የተለየ አቅም ሲፈልግ፣ ወይም የካርድ መረጃን የሚነካውን ክፍል ለይቶ ማጠር ሲያስፈልግ ትክክለኛ መልስ ነው። ክርክር ውስጥ ከገባሽ አንድ ሰው የአማዞን ፕራይም ቪዲዮን ታሪክ ያነሳ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያ ያለ አንድ ቡድን የቪዲዮና የድምፅ ጥራት መቆጣጠሪያውን ከተበታተኑ ሰርቨርለስ ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮሰስ ሰብስቦ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ጽፏል። እውነት ነው፤ ግን ያ አንድ መሣሪያ እንጂ ፕራይም ቪዲዮ በሙሉ አልነበረም። እንደ ዱላ ብትጠቀሚበት በቀላሉ ከእጅሽ ይነጥቁሻል። የራሳችሁ ቁጥር ይበልጥ ያሳምናል።

ስለ አዲስ ነገር ካነሳን፣ ሌላ የሚመጣብሽ ሐሳብ ቨርቹዋል ትሬድ ነው፤ ትሬድ አንድን ጥያቄ ይዞ የሚሠራ የሥራ መስመር ሲሆን፣ ቨርቹዋሉ ቀላልና በብዛት ሊፈጠር የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከጃቫ 21 ጋር ተጠናቆ ወጣ፤ ከስፕሪንግ ቡት 3.2 ጀምሮ በአንድ የቅንብር መስመር ይበራል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለእናንተ ችግር ግን በመጀመሪያ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ዛሬ ቶምካት (በስፕሪንግ ቡት ውስጥ ያለው ዌብ ሰርቨር) በመነሻው ከ200 በላይ ትሬድ ስለማያሠራ ፑሉ ደጃፍ ላይ ከ190 ያልበለጡ ጥያቄዎች ናቸው የሚጠብቁት። ቨርቹዋል ትሬድ ሲበራ ያ ገደብ ይነሳል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች እዚያው አሥር ኮኔክሽን ላይ ይሰለፋሉ፣ ሚሞሪም ይበላሉ። በተጨማሪ በጃቫ 21 ሲንክሮናይዝድ ብሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚገባበት የኮድ ክፍል) ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ቨርቹዋል ትሬድ የተሸከመውን እውነተኛ ትሬድ አብሮ ይዞ ይቆማል፤ ይህ የተፈታው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በወጣው ጃቫ 24 ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ትራንዛክሽኖቹ፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ወደወጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ወዳለው ጃቫ 25 መሻገር፣ ከዚያ ቨርቹዋል ትሬድ ይሁን። ይህን እቅድ ይዘሽ የቀረብሽ ቀን ‹በድሮ አሠራር የምትኖር› የሚለው ቀልድ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

ካፍካን በተመለከተ አንድ ምክር፦ ካፍካ ድሮ አብሮት ያስፈልገው የነበረውን ዙኪፐር የተባለ ሲስተም አንስተሽ ‹ማስተዳደሩ ይከብዳል› ብለሽ አትከራከሪ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣው ካፍካ 4.0 ዙኪፐርን ጨርሶ አስወግዶታል፤ ክርክርሽ ያረጀ ሆኖ ይገኛል። ይልቅ በሰከንድ ስንት መልእክት እንዳላችሁ ጠይቂ። ጥቂት አሥሮች ከሆኑ አንድ የፖስትግሬስ ሰንጠረዥ በቂ ነው፦ መልእክቱን ከትዕዛዙ ጋር በዚያው ትራንዛክሽን ትጽፊያለሽ፣ ሠራተኛ ፕሮሰሶች ደግሞ ‹ፎር አፕዴት ስኪፕ ሎክድ› በሚለው ትእዛዝ ሃምሳ ሃምሳ ረድፍ እያነሱ ይሠራሉ። ከፖስትግሬስ 9.5 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ አንዱ ሠራተኛ የያዘውን ረድፍ ሌላው ሳይጠብቅ ያልፈዋል። ጠንቁ ቫኪዩም (ፖስትግሬስ የማያስፈልጉ ረድፎችን የሚያጸዳበት ሥራ) ላይ ነው፦ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቀረ ትራንዛክሽን ካለ ያለቀላቸው ረድፎች ስለማይጸዱ ሰንጠረዡ ያብጣል፣ የመልእክት ወረፋውም ይዘገያል። ትራንዛክሽኖቹ አጭር ይሁኑ የምልሽ ለዚህም ጭምር ነው። ነገ ካፍካ በእርግጥ ቢያስፈልግ ከዚያው ሰንጠረዥ እያነበቡ ወደ ካፍካ መላክ ይቻላል፤ የሚባክን ሥራ የለም።

ስለ ጀማሪው ልጅ ደግሞ። ደብዳቤሽ ውስጥ ቅሬታሽ በእሱ ላይ አይመስልም፤ እንዲያውም ‹ጎበዝ› ብለሽዋል። ያንን አትለቂው። ችግሩ 3,800 መስመር ማንም ሰው በቅንነት ሪቪው ሊያደርገው አለመቻሉ ነው፤ ኤአይ ጻፈው ሰው ጻፈው ለውጥ የለውም። ብቻሽን ጠርተሽ ‹አብረን እንክፈለው› በይው። አንድ ፑል ሪኩዌስት ከ400 መስመር እንዳያልፍ ተስማሙ፤ በእያንዳንዱም መግቢያ ላይ ‹ይህ ኮድ መሃል ላይ ቢሞት ምን ይሆናል?› ለሚለው በራሱ ቃል ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ኤአይው የጻፈለትን ኮድ ገብቶት ከሆነ ይጽፈዋል፤ ካልገባው ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።

ስታነቢ ዓይንሽን እዚህ ላይ ጣይ፦ ታይምአውት የሌለው የውጭ ጥሪ፣ አይደምፖተንሲ ሳይኖር ሪትራይ የሚያደርግ ኮድ፣ ማንኛውንም ኤክሴፕሽን (ስህተት) ይዞ ሎግ አድርጎ የሚያልፍ ካች፣ ሁሉን ነገር ሞክ አድርጎ (በአስመሳይ ተክቶ) ራሱን በራሱ የሚያረጋግጥ ቴስት። ማይግሬሽን (የዳታቤዝ አወቃቀር ለውጥ) ካለ ደግሞ ‹ኮንከረንትሊ› ሳይባል የሚፈጠር ኢንዴክስ ፈልጊ፤ ተሠርቶ እስኪያልቅ ወደዚያ ሰንጠረዥ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ይቆማል። የማታውቂውን ላይብረሪም በእርግጥ መኖሩንና የማን መሆኑን አጣሪ፤ የኤአይ ረዳቶች የሌለ ፓኬጅ ስም ፈጥረው ሊጽፉ ይችላሉ፣ ክፉ ሰው ደግሞ ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ይጠብቃል።

መሪሽ ‹በሁለት ሳምንት ሦስት ሰርቪስ› በሚለው ተማርኮ ከሆነ፣ የፍጥነት ስሜትና ፍጥነት አንድ እንዳልሆኑ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ኤም ኢ ቲ አር የተባለ የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት፣ ልምድ ያላቸው 16 ፕሮግራመሮች በሚያውቁት ትልቅ ኮድ ላይ 246 ሥራዎችን ሲሠሩ፣ ኤአይ በተፈቀደላቸው ጊዜ 19 በመቶ ዘግይተዋል፤ ራሳቸው ግን 20 በመቶ እንደፈጠኑ ነበር የገመቱት። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መሣሪያዎቹም በየወሩ ይለወጣሉ፤ በዚህ ተነስተሽ ‹ኤአይ አይጠቅምም› አትበይ። አንቺም ተጠቀሚበት። ኦፕን ኢን ቪው ከመጥፋቱ በፊት የአሁኑን ባሕርይ የሚይዙ ቴስቶች ማስጻፍ፣ ረጅም ትሬድ ደምፕ (ትሬዶቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ምን ላይ እንዳሉ የሚያሳይ ዝርዝር) ማስነበብ፣ ከጃቫ 17 ወደ 25 ሲኬድ የሚሰበሩትን ነገሮች ማስለቀም ለእንዲህ ያለ ረዳት የሚስማሙ ሥራዎች ናቸው። ውጤቱን የምታረጋግጪው አንቺ ነሽ፤ የዘጠኝ ዓመት ልምድሽ የሚፈለገውም እዚያ ላይ ነው።

ከመሪሽ ጋር የምትነጋገሪው ስብሰባ ላይ አይሁን፤ እዚያ አንዴ የሳቀ ሰው በሰው ፊት ሐሳቡን መቀየር ይከብደዋል። ለብቻችሁ ሁኑ፤ ‹እቅድህን ልቃወም አልመጣሁም፤ የወር መጨረሻውን ችግር መንስኤ አግኝቼዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ስጠኝ› ብለሽ ጀምሪ። ሁለት ገጽ ብቻ ይዘሽ ግቢ፦ ግራፉ፣ ሒሳቡ፣ የሁለት ሳምንት ሥራ ዝርዝር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂውና ጸጥ ብለሽ አድምጪ፦ ‹ከመበተኑ የምትጠብቀው ዋናው ለውጥ ምንድን ነው?› ምናልባት ለበላዮቹ ቃል የገባው ነገር አለ፤ ምናልባት ሰው ሊቀጠር ታስቦ ይሆናል። መልሱ ሐሳብሽን ሊቀይረው ስለሚችል ለዚያም ተዘጋጂ።

ባዶ እጅሽንም አትሂጂ፤ የምትሰጪው ነገር ይኑርሽ። ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያዘጋጅ ክፍል ካላችሁ፣ ሲፒዩና ሚሞሪ የሚበላ፣ ከትዕዛዙ ጋር አንድ ትራንዛክሽን የማይጋራ ስለሆነ ለብቻ ቢወጣ የሚጠቅም ሰርቪስ ነው። ‹በዚህ እንጀምር› በይው። የቀረው ደግሞ እዚያው አንድ አፕሊኬሽን ውስጥ በሞጁል ይከፈል፦ እያንዳንዱ ሞጁል የራሱ የዳታቤዝ ስኪማ ይኑረው፣ አንዱ የሌላውን ሰንጠረዥ ጆይን አያድርግ፣ ድንበሩን ያለፈ ኮድ ቴስት ላይ እንዲወድቅ ስፕሪንግ ሞጁሊት ወይም አርክዩኒት ይጠብቀው። የኦንላይን መደብር መክፈቻ አገልግሎት የሚሰጠውን ሾፒፋይን የሚያህል ድርጅት ትልቁን የሬይልስ አፕሊኬሽኑን በሞጁል ከፍሎ አንድ ላይ ማቆየቱን መርጧል። ድንበሩ በኮድ ውስጥ ከጠራ በኋላ አንዱን ሞጁል ማውጣት የሳምንታት ሥራ ነው፤ ሳይጠራ ማውጣት ግን የተጠላለፈውን ኮድ ኔትዎርክ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ‹አይሆንም› ቢልሽስ? መብቱ ነው፤ መሪው እሱ ነው። ያኔ ሥራውን ከማደናቀፍ ይልቅ ቅድመ ሁኔታ ጠይቂ። ውሳኔውና ምክንያቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሁለተኛው ሰርቪስ ከመውጣቱ በፊት በኦፕን ቴሌሜትሪ ጥያቄዎችን ከሰርቪስ ሰርቪስ መከታተል ይቻል። እያንዳንዱ ሰርቪስ በስም የሚታወቅ ባለቤት ይኑረው። ተረኝነቱም በስድስታችሁ ይዙር፤ ይህን ግን ከእቅዱ ጋር አታያይዢው፣ ሲስተሙ ቢበተንም ባይበተንም ዛሬውኑ ልትጠይቂው የሚገባ ነገር ነው። ሌሊት ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚቀሰቀስበት ቡድን ውስጥ ሌሎቹ የችግሩን ክብደት የሚያውቁበት መንገድ የለም፤ መሪሽም የሳቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አጠገባቸው ሆነሽ እርጂያቸው፣ የምታደርጊውንም ጻፊላቸው።

ሥራ ስለመልቀቅ፣ አሁን ባትወስኚ እመርጣለሁ። ለራስሽ ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሲስተሙ ተስተካክሎ ያ ሳቅ ሳይነሳ ቢቀር፣ እዚያ መቆየት ትፈልጊያለሽ? ‹አዎ› ካልሽ ያስቸገረሽ ሲስተሙ ነው። ‹አይ› ካልሽ ግን ከመሪሽ ጋር ስለ ሳቁ ለብቻው መነጋገር አለብሽ፤ የትኛውም ግራፍ ያንን አይፈታውም። ቁጥሩን ይዘሽ ቀርበሽ ማንም ሳያየው ካለፈ፣ ተረኝነቱም በአንቺ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ያኔ ሌላ ቦታ መፈለግሽ ሽሽት አይደለም።

እስከዚያው የሚቀጥለው የወር መጨረሻ ሳይደርስ የሊክ ማወቂያውን አብሪ። ሲስተሙ ሲቆምም እጅሽ ወደ ሪስታርት አይሩጥ፤ በመጀመሪያ በጄስታክ (ከጃቫ ጋር በሚመጣው መሣሪያ) በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስት ትሬድ ደምፕ ውሰጂ፣ የፒጂ ስታት አክቲቪቲንም ውጤት ፋይል ላይ አስቀምጪ። ሁለቱም አንድ ደቂቃ አይፈጁም፤ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ግን ማስረጃው የለም። ሦስቱም ደምፖች ላይ እነዚያው ትሬዶች ጌትዌዩን ሲጠብቁ ካገኘሻቸው ሁለቱ ገጽሽ ተጽፎ አልቋል።